የመንገደኛዋ ባትሪ

አስካለ መንገድ ስትወጣ ስልኳን እንደ ስንቅ ነው የምትቆጥበው። ገና ከሚዛን መናኸሪያ ሳትነቃነቅ የስክሪኑን ብርሃን ትቀንሳለች፣ የቁልፎቹን ድምፅ ታጠፋለች፣ ከዚያ ለእናቷ ደውላ «ተነስቻለሁ» ትልና ስልኩን ጥርቅም አድርጋ አጥፍታ ደረቷ ውስጥ ትሸጉጠዋለች። የምትከፍተው አውቶቡሱ ከተማ ሲገባ ብቻ ነው። ለእናቷ ደውላ የከተማውን ስም ትነግራታለች፣ መልሳ ታጠፋዋለች። ለጥናት መጠይቅ እያስሞላች በዚህ መስመር ስትመላለስ ሦስት ዓመት ሆናት፤ አንድም ቀን ባትሪ አልቆባት ጅማ፣ ቤቷ ገብታ አታውቅም፣ በዚህም በሆዷ ትኮራለች።

ቁጠባው ያለ ምክንያት አልነበረም። እናቷ ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ሰው የምትለየው በድምፅ ነው፣ ቤት ውስጥ አብራት ያለችው ደግሞ የአምስት ዓመቷ የአስካለ ልጅ፣ ማህደር ብቻ ናት። ስለዚህ አስካለ ሕግ አውጥታላቸዋለች። ከየከተማው ትደውላለች፣ ስትደርስ በሩ ላይ ትጣራለች፣ እናቷም የእሷን ድምፅ ሳትሰማ ለማንም አትከፍትም።

የዚያን ቀን ዋቻን አልፈው ጥቅጥቅ ያለው ደን ውስጥ እንደገቡ መንገዱ ተንዶ ጠበቃቸው። ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል፣ ጉሙ ከዛፎቹ መሃል እየወጣ የቀኑን ብርሃን ወደ ማታ ይመልሰዋል፣ ከተናደው ገደል ደግሞ የራሰ አፈርና የተሰበረ ሥር ሽታ በመስኮቱ ይገባል። ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ በወሬ ባትሪውን ጨረሰ። አስካለም ለመዘግየቷ ልትናገር ደውላ፣ ማህደር ስልኩን ከአያቷ ነጥቃ ስለ ተነቃነቀ ጥርሷ ስታወራላት፣ ጨክና መዝጋት አቃታትና ከባትሪዋ አንድ መስመር ብቻ ቀራት።

ከናዳው አጠገብ ባለችው መንደር መብራት የለም፤ ሰው ስልኩን የሚሞላው እትዬ ብርቄ የተባሉ ሴት ጣሪያቸው ላይ ባሰሩት ሶላር ነው። አስካለ ስልኳን ልታስሞላ በገባችባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ስልኮችና ባትሪዎች በየገመዳቸው ተደርድረዋል፣ በእያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም በቁስል ፕላስተር ላይ ተጽፎ ተለጥፏል። ከሁሉም ጥግ ግን ስም የሌለው አንድ ባትሪ ብቻውን ተቀምጧል። የአስካለ ስልክ የሚጎርሰው ዓይነት ነው፣ የተሰካበት ቻርጀር አናት ላይም የሞላ መሆኑን የምታሳየው አረንጓዴ መብራት በርታለች።

«እሱን ተይው ልጄ፣ የመንገደኛ ነው» አሏት እትዬ ብርቄ። «አምና መንገዱ የተናደ ዕለት አስቀምጣው ወጣች። ልጄ ትጠብቀኛለች እያለች ስትጣደፍ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ያያት የለም። በየእሑዱ እሞላላታለሁ፤ ባለቤቷ እስክትመጣ አይነካም።»

ወዲያው መንገዱ ተጠርጎ ሹፌሩ ክላክሱን አንባረቀው። እትዬ ብርቄ ሶላሩን ከዝናቡ ሊሸፍኑ ወጡ። አስካለ ለአፍታ አመነታች፣ ከዚያ የራሷን ባትሪ አውልቃ ጥጉ ላይ አስቀመጠች፣ የመንገደኛዋን ከተተች። ስመለስ እመልስላታለሁ አለች ለራሷ፣ እየሮጠች።

ቦንጋ ሲገቡ ስልኩን ከፈተችው። ጠፍቶ ሳለ፣ ማንም ሳይነካው አንድ መስመር ጎድሏል። አሮጌ ባትሪ ነው ብላ ለእናቷ ደወለችና ቦንጋ መድረሷን ነገረቻት።

«ቦንጋንማ ቅድም ነገርሽኝ» አለች እናቷ። «አሁን ጎጀብ ነኝ አላልሽኝም?»

አስካለ እናቷ ቀን ተምታቶባት ነው ብላ ልትስቅ ሞከረች። ስልኩን አጥፍታ መልሳ ስትሸጉጠው ግን ሙቀቱ በሸሚዟ አልፎ ቆዳዋን ፈጀው፣ ሲያወሩበት የዋለ ስልክ ያህል ይግላል። ጎጀብ ደርሳ ስትከፍተው ሁለት መስመር ቀርቷል። ስትደውል እናቷ ደግሞ ቀድማ ሼቤ መድረሷን ሰምታ ተደስታለች። ማህደር ጥርሷ ወልቆ ኖሮ፣ አስካለ ራሷ ቅድም በስልክ «አስቀምጪልኝ፣ ስመጣ አያለሁ» ብላታለች አሏት። አስካለ ጥርሱ መውለቁን የሰማችው ገና አሁን ነው።

ከጎጀብ ወዲያ ዳገቱን ሲወጡ አውቶቡሱ ውስጥ የሚያወራ ሰው አልነበረም። የሞተሩ ጉርምርምታ፣ የመስኮቱ መንቀጥቀጥ፣ የእርጥብ ልብስ ሽታ ብቻ። በዚያ ዝምታ መሃል ከገዛ ደረቷ ሥር፣ ከጠፋው ስልክ ውስጥ፣ ቀጭን ሳቅ ተሰማት፤ የማህደር ሳቅ ነበር። ወዲያው ያልታወቀ ትንፋሽ ተከተለና ልክ በራሷ በአስካለ ድምፅ፣ ልክ በእሷ አነጋገር «መጣሁልሽ የኔ እናት» አለ።

ስልኩን አውጥታ ባትሪውን ነቀለችው። ሸሚዟ ደረቅ ነው፣ የባትሪው ጀርባ ግን በጭቃ ተለውሷል፣ የናዳው ሽታ አለው። በመስኮት ልትወረውረው እጇን ዘረጋችና ቆመች። ወርውራውስ እናቷን በምን ታስጠነቅቃለች? አጠገቧ የተቀመጡትን ሰውዬ ስልክ ለመነቻቸው፣ የፊት ለፊቷንም ልጅ እግር ሴት ለመነች፤ የሁሉም ባትሪ ናዳው ላይ አልቋል። ፈራች፣ በጣም ፈራች፤ ግን ባትሪውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ መልሳ ከተተችው። አንድ መስመር ቀርቷል።

«እማዬ፣ ስሚኝ፣ ባትሪዬ ሊያልቅ ነው። በእኔ ድምፅ የምትጣራ ሴት በር ላይ ብትመጣ እንዳትከፍቺላት። ብትለምንሽም ብታለቅስም እንዳትከፍቺላት።»

«እሺ አስኩ፣ አልከፍትላትም» አለች እናቷ፣ ምንም ሳትደነግጥ።

እኔ መሆኔን የምታውቂው ሦስቴ ሳንኳኳ ነው ልትላት አፏን ስትከፍት ስልኩ ጨለመ። ሼቤንም ሰቃንም ሳትደውል አለፈች። ደጋግማ ቁልፉን ተጫነችው፣ አልተነሳም፤ ሙቀቱም ለቆት እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

ጅማ ስትገባ ለዓይን ያዝ አድርጎ ነበር። ከባጃጁ ዘላ ወርዳ ግቢውን በሩጫ አቋረጠች። ሳሎኑ ውስጥ መብራት በርቷል። ከግቢው በር እስከ ቤቱ መዝጊያ እርጥብ የጭቃ ዱካ ተዘርግቷል፣ ባዶ እግር ነው፣ የሚገባ እንጂ የሚወጣ የለውም። በመስኮቱ ስንጥቅ አጮልቃ ስታይ ማህደር ጀርባዋን ሰጥታ ወለል ላይ ተቀምጣለች፤ እስከ ክርናቸው ጭቃ የተለወሱ ሁለት እጆች ከበስተኋላዋ ፀጉሯን ቀስ ብለው ይጎነጉናሉ።

«እማዬ!» አለች አስካለ መዝጊያውን ሦስቴ እየመታች፣ «እኔ ነኝ፣ ክፈቺልኝ፣ በናትሽ ክፈቺልኝ!» እያለቀሰች ነበር።

የእናቷ እግር እየተጎተተ መጥቶ ከመዝጊያው ጀርባ ቆመ። አሮጊቷ ጆሮዋን ጥላ ለቅሶውን እስከ መጨረሻው አዳመጠች፣ ከዚያ መቀርቀሪያውን ጨምራ አጠበቀችና ወደ ሳሎኑ ዞራ በለሆሳስ፣ «አስኩ ልጄ፣ በስልክ እንዳልሽኝ መጥታለች» አለች።