በኢኖስ እጅ የፈነዳው ሽጉጥ

ኢኖስ ስትራውድ ሲወድቅ ጭስ አልነበረም። እኛ ጥቁር ባሩድ የምንተኩስ ሰዎች ነን፤ ምላጭ በተሳበ ቁጥር ሜዳው በነጭ ጭስ ይታፈናል፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ያን ቅዳሜ ግን ጆሮ የሚበጥስ ድምፅ ብቻ ተሰማና ኢኖስ በጀርባው ተዘረረ። ሽጉጡ እጁ ላይ ፈንድቶ ስባሪው አንገቱን መቶታል። እጀታውን ራሱ የጠረበለት፣ ምላጩን ክረምቱን ሙሉ እየሞረደ ያለሰለሰው፣ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚሳሳለት ሽጉጥ ነበር።

በአንድ ጠረጴዛ አብረውት ይተኩሱ የነበሩት ሦስት ናቸው፦ የእህቱ ልጅ ዴልፊ፣ የልጅነት ጓደኛው ሀርላን ፒዊትና ቀልደኛው ኦርቪል ታግ። ከሦስቱ አንዱ ገዳይ ነው ብሎ ማሰብ ያንቀጠቅጣል፤ ሁሉም የታጠቀ ነውና።

መርማሪዋ ማርቫ ኪትል ስትደርስ ዴልፊን ፖሊሶቹ መኪናው አጠገብ አቁመዋታል። የነዚህ ሽጉጦች ተሽከርካሪ ካዝና ተነቅሎ ይወጣል፤ በየጉድጓዱ መጀመሪያ ባሩድ፣ ቀጥሎ የእርሳስ አረር፣ ከላይ ሞራ ይገባል። ኢኖስ ከምሳ በኋላ ሊገጥመው ያዘጋጀውን ትርፍ ካዝና ያን ጠዋት የሞላችው ዴልፊ ነበረች።

«ተሳስቼ ይሆናል» አለች። «አጎቴን በገዛ እጄ ገደልኩት መሰለኝ።»

ማርቫ የተሰበረውን ካዝና አገላብጣ አሸተተችው። ጥቀርሻ የለውም። ሳይተኮስ የተረፈ አንድ ጉድጓድ አግኝታ አረሩን ብቻዋን ነቀለች፤ የወጣውን በመሀረብ ቋጥራ ኪሷ ከተተች። ምን እንዳየች ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ኦርቪል ስትጠይቀው፣ ምሳ ላይ ሁሉም ዳሱ ስር ባቄላ ሲበሉ ካዝናው ጠረጴዛው ላይ ያለጠባቂ እንደነበር ነገራት። የኢኖስና የሀርላን ሽጉጥ መንትያ እንደሆነ፣ የአንዱ ካዝና ለሌላው እንደሚገጥምም ጨመረላት። ሀርላን በበኩሉ እነ ዴልፊ ቤት ጭስ የሌለው ዘመናዊው ባሩድም አለ፣ ልጅ ናት፣ ቀላቅላው ይሆናል አለ። ድምፁ ኀዘን የሰበረው ይመስል ነበር።

ማርቫ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበች። «እያንዳንዳችሁ እንደ ልማዳችሁ አንድ ጉድጓድ ሙሉልኝ» አለች።

ማንም መንካት አልፈለገም። ዴልፊ ባሩዱን ግማሹን አፈሰሰችው፤ አረሩን አስገብታ ሞራ ቀባች። ኦርቪልም እንደዚያው አደረገ። ሀርላን የሚንቀጠቀጥ እጁን በሌላው ደግፎ ባሩድ፣ አረር፣ ሞራ አደረገና ጨረሰ።

ኦርቪል በፍርሃትም መሀል አላስቻለው። «የበቆሎ ዱቄትህስ? ዶሮዎቹ ጨረሱብህ እንዴ?»

ሀርላን ፊቱ አመድ መሰለ።

«አቶ ሀርላን» አለች ማርቫ ረጋ ብላ፣ «ባሩዱ ላይ ዱቄት ይጨምራሉ ማለት ነው?»

«ዕድሜውን ሙሉ!» አለ ኦርቪል። «ያለሱ አረሩ ዒላማ አይመታም ይላል።»

ማርቫ መሀረቧን ፈታች። ቢጫ የበቆሎ ዱቄት፣ ከስሩ የሚያብለጨልጭ ግራጫ ባሩድ። «ዘመናዊው ባሩድ ነው። ጭስ የለውም፣ ጥቀርሻ የለውም፤ አሮጌ ብረት ግን አይችለውም። የሞላው ሰው ለሞት እየሞላም ልማዱን አልተወም፤ ዱቄቱን ጨምሮበታል። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ታዲያ እርስዎ ዛሬ ዱቄቱን የሸሹት ምን ፈርተው ነው? ምሳ ላይ ዴልፊ የሞላችውን ካዝና በራስዎ ካዝና ቀይረውታል። ቦርሳዎን ይክፈቱልኝ።»

ፖሊሱ ከፈተው። ዴልፊ የሞላችው ካዝና በጨርቅ ተጠቅልሎ ተገኘ፤ ስድስቱም ጉድጓዶች በጥቁር ባሩድ ተሞልተው ነበር።

ሀርላን የሚንቀጠቀጥ እጁን አየ። «ኢኖስ ከሜዳው ሊያስወጣኝ ነበር። እጅህ አያስተማምንም፣ ሰው ትገድላለህ አለኝ። እጁን ብቻ እንዲያጣ ነበር የፈለግኩት። እንደኔ እንዲሆን።»

ሀርላንን ወሰዱት። ዴልፊ ቆማ ቀረች፤ ፖሊሱ መሄድ ትችያለሽ ቢላትም አልተንቀሳቀሰችም። ማርቫ ትከሻዋን ያዘቻት።

«እንግዲያ እኔ አይደለሁም?» አለች ዴልፊ። ማርቫ አይደለሽም አለቻት። ዴልፊ ግን ደግማ ጠየቀች።