በዳንቴል የታፈነው ኮምፒውተር

ዩዴልኪስ የወጥ ቤቱን መቃን ተደግፋ የኦስኒኤልን እጆች ትመለከት ነበር። በባሕር ዳርቻ በተቆረቆረችው በሂባራ ከተማ ኮምፒውተር ያለው ቤት ሁሉ የእነዚያን እጆች ሥራ ያውቃል። እርሷ ግን የምታውቃቸው በሌላ መንገድ ነበር፦ በዳቦ ሰልፍ ላይ ድንገተኛ ዝናብ ወርዶ፣ አንድ ላስቲክ ለሁለት ከተጠለሉበት ቀን ጀምሮ።

ዛሬ የመጣው ለጥገና አልነበረም። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ እንደ አገሩ ወግ፣ በእጮኝነት ወደዚህ ቤት ለመግባት የእናቷን ፈቃድ ሊጠይቅ ነበር። ወይዘሮ ዞራይዳ ግን ንግግሩን ሳያስጨርሱ ወደ ሳሎኑ ጥግ ጠቆሙት።

«ያ ሣጥን በርቶ ብዙም ሳይቆይ ድርግም ይላል። የሟች ባሌ ፎቶ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ አንድም ያሳጠብኩት የለኝም። ፊቱን መልስልኝና እንነጋገራለን። ካጠፋኸው ግን በዚህ ሰፈር ዝር እንዳትል!»

አሁን ኮምፒውተሩ ሆዱ ተከፍቶ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ኦስኒኤል ብሎኖቹን በሳህን አጠራቅሞ፣ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ይጠርጋል።

«ዶክተር፣ ቀዶ ጥገናው አላለቀም?» አሉ ወይዘሮ ዞራይዳ። «መብራት ሊሄድ ነው፤ በሽተኛው እጅህ ላይ እንዳይቀር።»

«ተስፋ አለው፣ እትዬ ዞራይዳ።»

ማራገቢያውን ሲያወጣ ግን እጁ ባለበት ቆመ። በክንፎቹ ዙሪያ ነጭ የክር ብናኝ እንደ ጥጥ ተጠምጥሞ ነበር።

ዩዴልኪስ ወዲያው ለየችው። እናቷ በሐዘናቸው ዓመት በኪሮሽ ከሠሩት ዳንቴል የረገፈ ነው። ከባሕሩ ነፋስ ይጠብቀው ተብሎ፣ ዳንቴሉ ኮምፒውተሩ ሲሠራም ሲያርፍም ከላዩ አይነሣም። መተንፈሻውን የደፈነውና በሙቀት የሚያጠፋው እሱው ነበር።

«የባሕር ጨው ነው፣ አይደል?» አሉ እናት።

ኦስኒኤል ቀና ብሎ ዩዴልኪስን አያት። አንዲት «አዎ» በሩን ትከፍትለታለች፤ ኮምፒውተሩ ግን ያንኑ ዳንቴል መልሶ ይለብስና ነገ ይቃጠላል። ከንፈሩ ሲላቀቅ ተመለከተች፤ ያችም «አዎ» በዚያ ከንፈር ላይ ስትዘጋጅ አስፈራቻት።

«ጨው አይደለም፣ እማዬ» አለች። «ዳንቴልሽ ነው። አፍኖታል።»



«እውነቷን ነው» አለ ኦስኒኤል አቀርቅሮ። «እኔ ልሸፋፍነው ነበር። አፈርኩ።»

«ተማክራችሁ መጣችሁብኝ!» አሉ ወይዘሮ ዞራይዳ። «እስቲ አስነሣውና እንይ።»

ብናኙን ጠርጎ ገጣጠመና ማብሪያውን ተጫነ። ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ከውስጥ «ጢጥ፣ ጢጥ» የሚል ድምፅ ተደጋገመ።

«ገደልከው!»

ኦስኒኤል ጎንበስ ብሎ ድምፁን አዳመጠ። «ላጲስ አለሽ?» አላት ዩዴልኪስን በሹክሹክታ።

«ላጲስ? የቤት ሥራ ልትሠራ ነው?» አሉ እናት።

ዩዴልኪስ አምጥታ ሰጠችው። ኦስኒኤል ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ራም የሚሉትን ቀጭን የማስታወሻ ሰሌዳ ነቀለና፣ የቆሸሹትን ወርቃማ ጥርሶቹን ልጅ ስሕተቱን እንደሚያጠፋ በላጲሱ ጠረገ፣ ጠረገ፣ መልሶ ሰካውና አበራው። 

ስክሪኑ በራ። የሣር ባርኔጣ ያጠለቀ ሰው ከጀልባ ላይ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይስቅ ነበር።

ወይዘሮ ዞራይዳ ወንበር ስበው ከባላቸው ፊት ተቀመጡ። 

«ማክሰኞና ቅዳሜ ትጠይቃታለህ» አሉ በመጨረሻ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «በረንዳው ላይ። መካከላችሁ የምቀመጠው እኔ ነኝ። መዋሸት ሲያምርህ ደግሞ ልጄን ተመልከት።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ይገትርሃል? ዛሬ ቀንህ አይደለም። ብሎንህን እሰርና ሂድ!»

ዩዴልኪስ ቀርባ ክዳኑን በሁለት እጇ ያዘችለት። ያን ቀን በሂባራ እንደ ኦስኒኤል ቀስ እያለ ብሎን ያሰረ ሰው አልነበረም።