ላራስ የደበቀችው ቁጥር

በሩ ከውጭ ሲቆለፍ ላራስን ደስ አላት።

ኢንዶኔዥያ፣ ቦጎር ከተማ ያለው የምርምር ተቋማቸው የላቦራቶሪ መዝገቡን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እያዛወረ ነበር። ወጣቶቹ ተመራማሪዎች አዲሱን ሶፍትዌር መማር ስለሰለቻቸው አሠልጣኟ ኢቡ (እትዬ እንደማለት ነው) ሱሚ ነገሩን ጨዋታ አደረጉት፤ ሁለት ሁለት እያደረጉ ክፍል ውስጥ ይቆልፉባቸዋል። እነሱም ሶፍትዌሩን እየበረበሩ እንቆቅልሽ ይፈታሉ። እያንዳንዱ መልስ በሩን ከሚከፍቱት አራት ቁጥሮች አንዱን ይሰጣል።

ለላራስ የደረሳት ዊራ ነበር። ጎን ለጎን ሲሠሩ ሁለት ዓመታቸው ነው። ዓይኑ እሷ ላይ እንደሚያርፍ ታውቃለች፤ ቀና ስትል ግን ሁልጊዜ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍቶ ታገኘዋለች።

«የጠፋውን ናሙና ፈልጉ ይላል። በቀኑ ልፈልገው በስሙ?» አለ ዊራ።

«በስሙ። ደግሞ ፊደል ሳትና እዚሁ እናርጅ!»

«እኔ ቅር አይለኝም» አለና ጆሮው ቀላ።

ሦስቱን ቶሎ ፈቱ። በአራተኛው ላይ ሶፍትዌሩ የላራስን ፊርማ ብቻ አልቀበልም አለ፤ ሥራዋን ያየ ምስክር መፈረም አለበት። ዊራ ፈረመላት። ወዲያው ስክሪኗ ላይ የመጨረሻው ቁጥር፣ ሰባት፣ ብቅ አለ።

ላራስ ገጹን ዘጋችው።

«እህ፣ መጣ?»

«ገና ነው።»

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ፤ አላነሳችውም። ዊራ መጀመሪያ ስክሪኗን፣ ከዚያ እሷን አየ።

«ላራስ፣ ቁጥሩን አግኝተሻል አይደል?»

«ከወጣሁ ይድሩኛል» አለች። «የቺሬቦን ከተማው የባቲክ ጨርቅ ነጋዴ ዛሬ ለልጁ ሊያጨኝ ይመጣል። እናቴ ቃል ሰጥታለች። እኔን የጠየቀኝ የለም። ይኸው መኪና ይዛ ታች ቆማለች።»

ዊራ ወንበሩን ወደ እሷ ሳብ አደረገ፤ ከዚያ መልሶ ገፋው።

«እወድሻለሁ» አለ በመጨረሻ። «አግቢኝ።»

እንባዋ መጣ፤ ንዴቷም አብሮ መጣ። «ሁለት ዓመት አፍህን ይዘህ፣ ሲቆለፍብህ ነው የምትናገረው? እዚህማ ማንም ጀግና ነው። እናቴ ፊት ድገመው!»

ተነሥታ በሩ ላይ አራቱን ቁጥሮች መታች።

ኮሪደሩ ላይ ኢቡ ሱሚ «መጨረሻ ወጣችሁ!» እያሉ ያጨበጭባሉ። እናቷ ከነጃንጥላዋ እየተንጠባጠበች ደረጃውን ወጥታ መጣች።

«ምን ትጎለቻለሽ አንቺ? እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው እኮ!»

ላራስ ዊራን አየችው። አንገቱን ደፍቷል። በቃ፣ አለች በሆዷ።

ዊራ ግን ሁለት እጁን አጋጥሞ እጅ ነሣ። «ኢቡ፣ ዊራ እባላለሁ። ልጅዎን እወዳታለሁ። ላገባት እፈልጋለሁ።»

እናትየው ከእግር እስከ ራሱ መዘነችው። ወደ ልጇ ዞረች።

«አንቺስ?»

እናቷ ጠይቃት አታውቅም ነበር። ላራስ ሄዳ ዊራ ጎን ቆመች።

«እኔም እወደዋለሁ፣ እማዬ።»

«ቃሌን አሳጠፋችሁኝ!» አለች እናትየው፤ ድምጿ ተሰበረ። ከዚያ ወደ ዊራ በጃንጥላዋ ጠቆመች። «ና፣ መኪናው ውስጥ ግባ። ለሰዎቹ እኔ አልነግርልህም። ራስህ ትነግራቸዋለህ።»

ዊራ ከኋላ ገባ። ላራስ ከፊት የተከፈተላትን በር ትታ አጠገቡ ተቀመጠች። እናትየው በመስታወት አየቻቸው፤ ከዚያ መኪናውን አስነሣች።