አርባ አንድ ፊርማ

«ፈርሚ፤ ካንቺ በቀር ሁሉም ፈርሟል።»

ወረቀቱን ዴስኩ ላይ ለልጅቷ ገፋ ያደረገችላት አብራት የምትቀመጠው የክፍል አለቃ ናት፤ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ የልብ ጓደኛዋ። ለርዕሰ መምህሩ የተጻፈ ማመልከቻ ነው። «የሒሳብ መምህራችን የአእምሮ ሕመምተኛ መሆናቸውን ስላረጋገጥን፣ ፈተና ሳይደርስ ሌላ መምህር እንዲመደብልን እንጠይቃለን» ይላል።

የሒሳብ መምህሯ የልጅቷ እናት ናት።

«ስላረጋገጥን? ከማን ነው ያረጋገጣችሁት?»

አለቃዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ባክሽ አታካብጂ። ስምሽን አላነሳሁም። ባትፈርሚ ግን አንቺንም እንደሷ ናት ይሉሻል።»

አላነሳችም አሉ! እናቷ ከአልጋ መነሳት ሲሳናት፣ ፀጉሯን ማበጠር እንኳ ተራራ ሲሆንባት፣ ኋላም ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ስትተኛ፣ ለሰው ሁሉ የተወራው «ጨጓራዋን ነው» ተብሎ ነበር። ልጅቷ እውነቱን የነገረችው ለዚህችው ለአንዷ ብቻ ነው፤ ገመናዬን ትሸፍንልኛለች ብላ።

«ትናንት አላየሻትም?» አለች አለቃዋ። «ጥያቄውን እየሠራች ቀጥ አለች። ውሃ ስትጠጣ ነው የዋለችው። ቢነሳባትስ?»

«መድኃኒቱ አፏን ስለሚያደርቀው ነው! ውሃ ነው የጠጣችው፣ ደም አይደለም!»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ በዚያች ደቂቃ ለእሷ ማስመሪያም ማዋስ አያስፈልግም ነበር።

ፊርማዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። አምና የፊዚክስ መምህሩ እግራቸው ተሰብሮ በክራንች ሲመጡ፣ እነዚሁ ልጆች ተሻምተው ጀሶው ላይ ፈርመውላቸዋል። ይቺ ጅራታም ፊርማ ጉልበታቸው ላይ ነበረች። ያኔ «እስኪድኑ ሌላ ይምጣልን» ያለ አልነበረም።

ልትቀደው ያዘችው። ግን ብትቀደው ሌላ ይጻፋል፤ እናቷም ከጀርባዋ የሚባለውን ሳታውቅ ስታስተምራቸው ትኖራለች። አጣጥፋ ይዛው ወደ መምህራን ክፍል ሮጠች።

እናቷ ያረመቻቸውን ደብተሮች እየደረደረች ነበር።

«እኔ ነኝ የነገርኳት፣ እማ» አለች ወረቀቱን እየሰጠቻት። «ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት።»

እናቷ አነበበች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አንስታ ፊርማዎቹን ከላይ እስከ ታች ቆጠረች።

«አርባ አንድ» አለች። «እናንተ አርባ ሁለት ናችሁ።»

«እብድ ናት ነው የሚሉሽ! አንቺ ቁጭ ብለሽ ትቆጥሪያለሽ?» የንዴት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«እኔም ተናድጃለሁ። ጨጓራ ነው ብዬ መዋሸቴ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያናድደኛል። ዛሬ ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ የጠየቁኝንም እመልሳለሁ።» እንዲህ ትበል እንጂ ድምፅዋ አልጸናም። «አንቺ ከፈለግሽ ይህን ክፍለ ጊዜ ላይብረሪ ቆዪ። ሁሉም አንቺን አንቺን ነው የሚያዩት።»

ደወሉ ተደወለ። ከመምህራን ክፍል ሲወጣ ላይብረሪው በቀኝ ነው፤ በዚህ ሰዓት ማንም አይኖርበትም። ክፍላቸው በግራ ነው፤ እዚያ አለቃዋ ከጎኗ ትቀመጣለች፣ ሰማንያ ዓይን ይጠብቃል። ንዴቷ ገና አልበረደም።

ደብተሮቹን ከእናቷ ክንድ ላይ ተቀብላ ታቀፈችና ወደ ግራ ታጠፈች።