ከሰባተኛው ጥያቄ በኋላ

መምህር ታዲዎስ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ወለል ላይ ተንጋሎ ተገኘ። ሲወድቅ ጭንቅላቱ የብረት መደርደሪያውን ማዕዘን መትቶ ነበር። ከሬሳው በላይ ጠረጴዛው ላይ ያለው ላፕቶፕ አልጠፋም፤ «ጨዋታው ተጠናቋል» ይላል፣ ከሥሩም የሃያ ሦስት ተማሪዎች ደረጃ ተደርድሯል።

ኢንስፔክተር ጀማነሽ በለጠ ሰኞ ጠዋት ስትመጣ ጉዳዩ አልቆ ነበር የጠበቃት። የኮምፒውተር ክፍሉ ሠራተኛ አብርሃ ታስሯል፤ ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል። ቁልፉ እሱ ዘንድ ነው፤ ሬሳውን አገኘሁ ያለውም እሱ ነው፤ በዚያ ላይ ባለፈው ሳምንት ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቋል። ጀማነሽ ግን ተጠቅልሎ የሚሰጣትን ጉዳይ አትወድም። መጀመሪያ ጣቢያ ገብታ አብርሃን አነጋገረችው።

«በሩን ከፈትኩለትና ኬብል ልገዛ ኡራኤል ሄድኩ» አላት፤ ሁለት ሌሊት ያልተኛ ሰው ድምፅ ነው። «ባለሱቁ ዕቃው እስኪመጣ ብሎ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል አስቀመጠኝ። ይመሰክርልኛል። ግን ምን ዋጋ አለው? የሞተው ከዚያ በኋላ ነው ይላሉ። በቃ፣ አለቀልኝ።»

ትምህርት ቤቱ ካዛንቺስ ውስጥ፣ ግማሹ በፈረሰ ግማሹ በቆርቆሮ በታጠረ ሰፈር መሀል የቆመ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ነው። ታዲዎስ እዚያ ፊዚክስ ያስተምር ነበር። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የአሥራ ሁለተኛ «ሀ»ን ትምህርት ወደ ስልክ አዛወረው፤ የቤት ሥራው በቴሌግራም ግሩፕ፣ ክለሳው በኦንላይን ጨዋታ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቹ ከየቤታቸው ይገባሉ፤ እሱ ጥያቄ ይለቃል፤ ሳይዘጋው በትክክል የመለሰ ነጥብ ያገኛል። ማታ ደረጃው ግሩፑ ላይ ይለጠፋል፣ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ። በወሩ ድምር መጨረሻ የሆነው ተማሪ ወደ «ለ» ክፍል ይወርዳል። ወላጆች ወደውት ነበር። ልጁ ከላይ የተጻፈለት ወላጅ ምን የማይወደው ነገር አለ!

«ክለሳው በዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ዘጠኝ ከሠላሳ አምስት ላይ አለቀ» አሉ ርእሰ መምህሯ ወይዘሮ ብርነሽ። «ሃያ ሦስት ተማሪ ምስክር ነው። ስለዚህ የሞተው ከዚያ በኋላ ነው።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ቢሮዬ። ከስምንት ተኩል ጀምሮ አምስት የወላጅ ኮሚቴ አባላት አብረውኝ ነበሩ። ስብሰባውን ግን የጀመርነው በዘጠኝ ከአርባ ነው፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዙልን መምህር ቸሩ ዘገዩብን። ከዚያ እስከ አሥር ተኩል ማንም ከወንበሩ አልተነሣም።»

ጀማነሽ ከግሩፑ ላይ የወሩን ደረጃዎች፣ ከላፕቶፑም የቅዳሜውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። «ይቺ መነን ማን ናት? ሦስት ሳምንት ሙሉ መጨረሻ ነበረች። ቅዳሜ አምስተኛ ወጣች።»

«እሱን እኔም ልጠይቅ ብዬ ነበር። በ‹ሀ› ክፍል መነን የምትባል ተማሪ የለችም። ደስ ባላቸው ስም ነው የሚገቡት፤ ማን ማን እንደሆነ እኔ አላውቅም።»

መምህር ቸሩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወረቀት ያርሙ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ የሹራባቸው እጅጌ ከጠመኔ ብናኝ ጸድቶ አያውቅም። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ አንዲት ልጃቸውን ሐሴትን ብቻቸውን ያሳድጋሉ፤ እሷም እዚያው «ሀ» ክፍል ትማራለች።

«ቅዳሜ ለምን ዘገዩ መምህር?»

«እዚሁ ፈተና ሳርም ሰዓቱን ረሳሁት።»

«ታዲዎስ እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

«ጎበዝ ነበር። ማለቴ… ችኩል ነበር። እኔ ዝግ ብሎ የሚጽፈው ልጅ ገልብጦ ሳይጨርስ ሰሌዳ አጥፍቼ አላውቅም። እሱ ግን አይጠብቅም።» ይህን ብለው ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ሐሴትን ግቢው ውስጥ አገኘቻት።

«መነን እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ፣ ሳትጠየቅ። «የእናቴ ስም ነው።»

«ለምን መጨረሻ ትወጪ ነበር?»

«በኔትወርክ ነዋ! ቤታችን ጓሮ ስለሆነ አይሠራም። ቲቸር ሃያ ሰከንድ ሲሞላ ይዘጋዋል፤ የኔ መልስ የሚደርሰው ከተዘጋ በኋላ ነው፣ ዜሮ። ከዛ ግሩፑ ላይ የቀንድ አውጣ ፎቶ ይልኩብኛል። ማታ ማታ አለቅስ ነበር፤ አባዬም ያውቃል።»

«ቅዳሜስ?»

ፊቷ በራ። «ቅዳሜ ጠበቀኝ! ከሰባተኛው ጥያቄ በኋላ እኔ ሳልመልስ አይዘጋም ነበር። አሥራ አራተኛው ላይ እንዲያውም አራት ደቂቃ ኔትወርክ ጠፋብኝ፤ ስመለስ ጥያቄው ክፍት ነው። ቲቸር አዝኖልኝ ነው። ይጻፉልኝ፣ ክፉ ሰው አልነበረም።»

ጀማነሽ ጻፈችው። ከዚያ ላፕቶፑን አስከፍታ የጨዋታውን መዝገብ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ የተለቀቀበትንና የተዘጋበትን ሰከንድ፣ እስከ እኩለ ቀን አነበበች። አንብባ ስትጨርስ ኡራኤል ሄዳ ባለሱቁን ጠየቀችው።

በስምንት ሰዓት ሁሉንም የኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ወይዘሮ ብርነሽን፣ መምህር ቸሩን፣ በካቴና የመጣውን አብርሃን። መዝገቡ የሷን ምስክርነት ይፈልጋል ብላ ሐሴትንም ጠራች። ይህ ስህተቷ ነበር፤ በኋላ ራሷም አምናለች።

«ታዲዎስ እስከ ዘጠኝ ከሠላሳ አምስት በሕይወት ነበር ብለን ነው ሁላችንም የተነሣነው» አለች። «ምክንያታችን ጨዋታው ነው። ጨዋታው የሚነግረን ግን አንድ ሰው ‹ቀጣይ› የሚለውን ሲጫን እንደነበር ብቻ ነው። ታዲዎስ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ ማብራሪያ ግሩፑ ላይ ይጽፋል። ቅዳሜ ሰባት ማብራሪያ ጻፈ። ከዚያ በኋላ አንድ ፊደል የለም።»

«ደክሞት ይሆናል» አሉ ወይዘሮ ብርነሽ።

«እስከ ሰባተኛው ድረስ ሁሉም ጥያቄ በሃያ ሰከንድ ተዘግቷል። ሰባተኛው ያለቀው ዘጠኝ ከአሥር ላይ ነው። ስምንተኛው እስኪለቀቅ ሦስት ደቂቃ አለፈ። ከዚያ ወዲያ ጥያቄዎቹ አንድም፣ ሁለትም ደቂቃ ክፍት ሆነው ይቆያሉ። የሚጫነው ሰው ሁሉንም እየጠበቀ ነው እንዳልል፣ አሥራ አንደኛው ሁለት ተማሪዎች ሳይመልሱ ተዘግቷል፤ መነን ከመለሰች ሁለት ሰከንድ በኋላ። አሥራ አራተኛው ላይ ሃያ ሁለቱም መልሰው አራት ደቂቃ ተጠበቀ። የቀረችው መነን ብቻ ነበረች።»

«ቲቸር ነው የጠበቀኝ» አለች ሐሴት። ድምፅዋ ግን ዝቅ ብሎ ነበር።

«ጠባቂው ታዲዎስን ጥሎ በወንበሩ የተቀመጠው ሰው ነው። ወይዘሮ ብርነሽ በዚያ ሰዓት አምስት ወላጆች ፊት ነበሩ፤ መነን ማን እንደሆነችም አያውቁም። አብርሃ ኡራኤል ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ባለሱቁን ጠይቄዋለሁ። መነንን የሚያውቅ፣ ጨዋታው ካለቀ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስብሰባ የገባ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀረኝ። ተሳስቼ ከሆነ ያርሙኝ መምህር።»

መምህር ቸሩ ለማረም አልሞከሩም።

«ስሟን ከዝርዝሩ አውጣልኝ ልለው ነው የገባሁት» አሉ። «‹ጋሼ፣ ኔትወርክ ይቀይሩላት› ብሎ ሳቀ። ገፋሁት። አንድ ጊዜ ነው የገፋሁት። ልወጣ ስል ልጆቹ ‹ቲቸር ቀጥል› እያሉ ይጽፋሉ። ከስሞቹ መሀል መነን የሚለውን አየሁ። ‹ቀጣይ› የሚለውን ተጫንኩት።»

«ለማምለጥ ብለው?»

«መጀመሪያ እንኳ አይደለም። በኋላ ግን… አዎ፣ በኋላ እሱም ገባኝ። አብርሃ ሲታሰር ዝም አልኩ።»

ጀማነሽ እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። «ሐኪሙ ወዲያው አልሞተም ይላል» አለች። «ቢያንስ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይተነፍስ ነበር። ሆስፒታሉ ከዚህ በመኪና አምስት ደቂቃ ነው።»

ወይዘሮ ብርነሽ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ፖሊሱ የአብርሃን ካቴና ፈታ፤ አብርሃ እጁን እያሻሸ ነጻ መሆኑን ገና ሳያምን ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። መምህር ቸሩ ሳይጠየቁ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«አባዬ» አለች ሐሴት። «በስንተኛው ጥያቄ ላይ ነው የሞተው?»

ቸሩ ቀና ብለው አዩዋት።

«አላየሁም ልጄ» አሉ። «ያንቺን መልስ ነበር የምጠብቀው።»