አንድ ጫፉ ሰም የተቀባው እንጨት

አዛውንቱ ቀስት ሠሪ ኸሊል ሞተው የተገኙት በእንጨት ማድረቂያ ክፍላቸው ውስጥ፣ እንደተቀመጡ ነው። ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ አንድ ጎባጣ እንጨት ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ነበር። ያየ ሰው ሥራ ላይ እንዳሉ እንቅልፍ የጣላቸው ይመስለዋል። የተዘጋውን በር ከፍታ ያገኘቻቸው ልጃቸው ሙልኪ ናት፤ በጩኸቷ ሰፈሩ ተሰበሰበ። ክፍሉ ውስጥ የከሰል ምድጃ ነበር፤ እሳቱ ወደ አመድ ተለውጧል። ጊዜው ጥር 2015 ዓ.ም.፣ የጅግጅጋ ብርድ አጥንት የሚሰረስርበት ሰሞን ነውና ጎረቤቱ ነገሩን በአንድ አፍ ጨረሰው፦ ሽማግሌው ሊሞቁ ከሰል አስገቡ፣ ከሰሉ ጨረሳቸው።

ኢንስፔክተር ንጋቷ ደግሞ ነገር በአንድ አፍ ሲያልቅ አትወድም። ከደብረ ብርሃን ተመድባ ከመጣች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ብርድም ከሰልም ታውቃለች። ረዳቷ ሳጅን ቢሌ እንደሚያማት ከሆነ፣ የቀረበላትን ሻይ እንኳ ሳትመረምር አትጠጣም።

«ቢሌ፣ ሰው ሊሞቅ ሲል ምድጃውን የት ያስቀምጣል?»

«እግሩ ሥር ነዋ።»

«ይሄስ የት ነው ያለው?»

ምድጃው ከአስከሬኑ አራት እርምጃ ርቆ፣ በሁለት ድንጋዮች መሐል ነበር። በድንጋዮቹ ላይ ረጅም ነገር ተጋድሞ እንደቆየ አቧራው ይመሰክራል። ንጋቷ በሟቹ ጭን ላይ ያለውን እንጨት ጎንበስ ብላ አየችው። ገና እርጥብ ነው፤ ግን ሁለቱም ጎኑ በእሳት ወይቧል። ቀኝ እጃቸው ድፍን የሰም ቁራጭ ጨብጧል። የእንጨቱ አንድ ጫፍ በሰም ተለስኗል፤ ሌላው ጫፍ ግን ምንም አልነካውም፣ መሰንጠቅም ጀምሯል።

ወጥታ ክፍሉን ዞረችው። ግድግዳው ከላይም ከታችም ጡብ የሚያህሉ ስድስት የነፋስ ቀዳዳዎች አሉት። ሁሉም ከውጭ በጆንያ ቁራጭ ተወትፈዋል። አንዱን መዘዘችው። እንደ ነገሩ የተጎሰረ አልነበረም፤ የተቀደደው ጠርዝ በሥርዓት ወደ ውስጥ ታጥፏል።

«ግድያ ነው!» አለ ቢሌ።

«ወይ ግድያ ነው፣ ወይ ከግድያ የባሰ ነገር ነው» አለች ንጋቷ፤ ጆንያውንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በጊቢው ውስጥ እንደልቡ የሚገባና የሚወጣ ሦስት ሰው ብቻ ነው። አንዷ ሙልኪ ናት፤ በገበያው መንገድ ላይ የልብስ ስፌት ሱቅ አላት። ሁለተኛው ከሟቹ ሥር አሥራ ሁለት ዓመት ሙያውን የተማረው ሀምሴ ነው። ሦስተኛው የጊቢው ተከራይ፣ የስፖርት መምህሩ ንብረት ነው። ንብረት ከሽማግሌው ጋር በዋዜማው ሲጨቃጨቅ መንገደኛ ሁሉ ሰምቶታል፤ ንጋቷም ከእሱ ጀመረች።

«ተጣልታችሁ ነበር ተባለ።»

«ጠብ እንኳ አይባልም» አለ ንብረት፣ ኮፍያውን በእጁ እያሸ። «ለባህል ስፖርት ውድድር ስድስት ቀስት አዝዣለሁ። ውድድሩ ሚያዝያ ላይ ነው። እንጨቱ ተቆርጦ ከመጣ ገና ወሩ ነው፤ ጋሽ ኸሊል ግን ‹ሁለት ዓመት በጥላ ይቆያል› ብለው ድርቅ አሉ። ትዕግሥቴ አለቀና ጮህኩባቸው። የመጨረሻ ንግግራችን ያ ሆኖ ቀረ።»

ንጋቷ በማድረቂያው ክፍል ወደተከመረው እንጨት ጠቆመች። «እስቲ ከዚህ ክምር አንድ እንጨት ለራስዎ ይምረጡ።»

ግራ እየገባው ከክምሩ ውስጥ እንደ ጦር ቀጥ ያለውን ሳበ። «ይሄን ነዋ! ጎባጣውማ ለማገዶም አይሆን።»

ንጋቷ ራሷን ነቀነቀችና አሰናበተችው።

ሀምሴ ጥያቄ እስኪመጣ አልጠበቀም። «እኔ ነኝ» አለ ገና ሲገባ። ዐይኑ ቀልቷል። «የመምህሩ ቀስት ቶሎ እንዲደርስ ብዬ እሳት ያስገባሁት እኔ ነኝ። ቀዳዳውንም እኔ ነኝ የወተፍኩት። ይሰሩኝ።»

ቢሌ ካቴናውን አወጣ። ንጋቷ እጇን አነሳችና ጠየቀች፦

«አሥራ ሁለት ዓመት ተምረሃል። እንጨት የሚያደርቀው ምንድን ነው?»

«ነፋስ» አለ ሀምሴ ወዲያው፤ የሙያ ኩራቱ ቀድሞት። «እሳት ውጩን ብቻ አድርቆ ይሰነጥቀዋል። ከውስጥ የሚወጣው እርጥበት ማምለጫ ነፋስ ካላገኘ ደግሞ...» አለና አቋረጠ።

«ካላገኘ?»

«እኔ ነኝ አልኩ እኮ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከወሰዱት በኋላ ቢሌ ደስ እንዳላለው ያስታውቅ ነበር። «ቃሉን ሰጥቷል፤ ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል። በዚህ ቃል ስንት ዓመት ይታሰር ይሆን።»

«እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ አለን ማለት ነው። ለቀብሩ ግን ካቴናውን ፍታለትና ይዘኸው ሂድ፤ ሙያ ያስተማሩትን ሽማግሌ ይቅበር።»

ሙልኪ በዋናው ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። የልብስ መለኪያው ሜትር ከጠዋት ጀምሮ አንገቷ ላይ ነው፤ ማንም አውልቂው ለማለት አልደፈረም። ንጋቷ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እግዜር ያጥናሽ፣ እህቴ። ያ ጎባጣ እንጨት ከየት ነው የመጣው?»

የሙልኪ ፊት ለአፍታ ፈካ። «ከካራማራ ተራራ፣ ነፋስ ከሚመታው ጎን። እንጨት ሊመርጥ ሲወጣ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የሚወስደው እኔን ነው። ‹ነፋስ እያጎነበሰው ያደገ እንጨት መታጠፉንም መመለሱንም ያውቃል› ይለኛል። ይሄን ሲያገኝ ደጋግሞ ዳሰሰው። የመጨረሻ ሥራዬ ነው፣ ላንቺ ነው አለኝ።»

«ለሌላ ሰው ነግራችኋል?»

«ለሀምሴ ብቻ።»

«ዐይናቸው ደክሟል ሲባል ሰማሁ፤ እንዴት ነበር?»

«ሐኪሙ ቢበዛ እስከ ክረምት ያያል አለ። ከዚያ በኋላ ጨለማ ነው።»

«ማድረቂያው ክፍል አብረሻቸው ትሠሪ ነበር?»

«እኔ?» አለች ሙልኪ። «እሱ የወንዶች ቦታ ነው። በልጅነቴ በሩ ላይ ቆሜ ሳይ እንኳ ይቆጣኝ ነበር።»

ንጋቷ ሌላ አልጠየቀችም። ስትወጣ ቢሌ ፊቷን አይቶ መልሱን እንዳገኘች ገባው፤ ደስ እንዳላላትም ገባው።

ከቀብር መልስ ሁሉንም ጊቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጎባጣውን እንጨት ጉልበቷ ላይ አጋድማለች። ሀምሴ ከቢሌ አጠገብ ቆሟል፤ ጫማው ላይ የመቃብሩ አፈር አለ።

«አዛውንቱ ሊሞቁ ብለው ከሰል አላስገቡም» ብላ ጀመረች። «ምድጃው የነበረው ከዚህ እንጨት ሥር ነው። እንጨቱም ሁለት ጎኑ ወይቧል፤ ስለዚህ አንድ ሰው እያገላበጠ ሲያደርቀው ቀናት ሆኖታል። ሰው ሊገድል የመጣ ሰው እንጨት አያገላብጥም። ይሄ ሰው የፈለገው ቀስቱን ነው።»

«እኔ ነኝ ብያለሁ» አለ ሀምሴ።

«አይደለህም። እንጨት የሚያደርቀው ነፋስ ነው ያልከኝ አንተ ነህ። ቀስት ሠሪ የነፋስ ቀዳዳ አይወትፍም። የወተፈው ሙቀቱ እንዳያመልጥ የሰጋ፣ ሙያውን የማያውቅ ሰው ነው። መምህር ንብረትም ሙያውን አያውቁም፤ ግን ምረጡ ብላቸው ቀጥ ያለውን አነሱ። ይህን ጎባጣ እንጨት ለማገዶም የማይሆን ነው ብለውኛል። ስለዚህ እንጨት መምረጥ የሚያውቅ፣ ማድረቅ ግን ማንም ያላስተማረው ሰው ነው።» ከቦርሳዋ ጆንያውን አወጣች። «ቢቸኩልም እንኳ የጨርቅ ጠርዝ ሳያጥፍ የማያልፍ ሰው።»

ሀምሴ ፊቱን አዞረ።

«ይበቃል፣ ሀምሴ» አለች ሙልኪ ተነሥታ። «እርጥብ ጨርቅ ላይ የከሰል ካውያ ሳሳርፍ ይደርቃል። እንጨትም እንደዚያው መሰለኝ። ዐይኑ ሳይጠፋ ቀስቴን ሠርቶ እንዲያየው ነበር። ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሊሰግድ ሲወጣ ምድጃውን አስገባለሁ፤ እሱ እስከ ሦስት ሰዓት ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቆያል። ሱቄን ከፍቼ እመለስና አወጣዋለሁ። ሁለት ቀን እንዲህ አደረግኩ። ዛሬ ለምን ቀድሞ መጣ? ለምን?» እንባዋ ቀደማት። «ሀምሴ በኔ ፈንታ ሲወሰድ አፌ ተያዘ። በፍርሃት ዝም አልኩ። ይቅር በለኝ።»

ሀምሴ ዐይኑን በክንዱ ጠረገ።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለች ንጋቷ፣ እንጨቱን ለሙልኪ እየዘረጋች። «አባትሽ ገብተው ይህን እንጨት እሳት ላይ ሲያገኙት፣ ማን እንዳስቀመጠው ወዲያው ነው የገባቸው። አልተጣሩም፣ አልተቆጡም። የጠዋት ፀሐይ እንጨቱን እንዳይመታው እንደ ልማዳቸው በሩን ዘጉ። ቀዳዳዎቹ መወተፋቸውን የደከመው ዐይናቸው አላየም። ምድጃውን ማውጣት ነበረባቸው፤ እሳቸው ግን የቸኮሉት ላንቺ ቀስት ነው። ጫፎቹ እንዳይሰነጠቁ ሰም መቀባት ጀመሩ። አንዱን ጨርሰዋል።»

ሙልኪ እንጨቱን ተቀብላ የተለሰነውን ጫፍ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። የአባቷ ጣት ዱካ ሰሙ ላይ ነበር። ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ ማንም ዝም በይ አላላትም።

ሕጉ ግን ሕግ ነው፤ በቸልተኝነትም ቢሆን ሰው ሞቷል። ቢሌ ካቴናውን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ወደ መኪናው አመለከታት። ሙልኪ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች።

«ሌላው ጫፍ እንዴት ነው የሚቀባው?»

ሀምሴ ንጋቷን አየ፤ ንጋቷ እሺ ስትል ራሷን ነቀነቀች። የተሰነጠቀውን ሁለት ጣት ያህል በመጋዝ ቆርጦ ጣለው። ሰም አቅልጦ አመጣላትና በተቆረጠው ጫፍ ላይ በሚታዩት የእንጨቱ ቀለበቶች ላይ እንዴት እንደሚታሽ አሳያት። እንዳሳያት ቀባችው። ከዚያ ማድረቂያው ክፍል ደጃፍ ድረስ ይዛው ሄደችና እንደ ልጅነቷ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«ግቢ» አላት ሀምሴ።

ገብታ እንጨቱን ከክምሩ ላይ አስቀመጠችው። ጆንያዎቹ ከተነሡ ወዲህ የካራማራ ነፋስ በቀዳዳዎቹ ይገባ ነበር።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ሁለት ዓመት።»

ሙልኪ የልብስ መለኪያውን ከአንገቷ አውልቃ ኪሷ ከተተችው። «እኔ እስክመጣ ነፋስ እንዳታሳጣው» አለችውና ወደ መኪናው ሄደች።