የጎደለው የፊርማ ቦታ

ዳኛው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ግንባራቸውን መዝገብ ላይ እንደደፉ ሞተው ተገኙ። የቢሮው በር ከውጭ ተቆልፏል። ስምንት ሰዓት ላይ፣ የከተማው ሹም ያለ ክስ ያሰራቸውን ሃያ ሰዎች ጉዳይ ሊወስኑ ነበር፤ ረቂቃቸው «ይፈቱ» ይላል።

«መርፌ» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የግቢውን በር አስዘግተዋል።

«ልባቸው ነው፤ ጻፊና ጨርሺው፣ ልጄ።»

«ልብ በር ከውጭ አይቆልፍም፣ ጋሼ።»

ሐኪሙ በሻያቸው ውስጥ መርዝ አገኘ። የሞቱት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው። የቢሮው ቁልፍ ያላቸው ፕሬዚዳንቱ፣ ሬጅስትራሯና የጎረቤት ቢሮው ወጣት ዳኛ ናቸው።

«ሻዩን ያፈላሁት እኔ ነኝ» አለች ሬጅስትራሯ። «ግን ፔርሙሱ ኮሪደር ላይ ነው፤ ማንም ይቀዳል።»

«ከዚያስ?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ አስጻፉኝ። የሃያዎቹ መዝገብ ወደ ወጣቱ ዳኛ እንዲዛወር።»

መርማሪዋ ደብዳቤውን ተቀብላ ግርጌውን አየች። «አስረካቢው ዳኛ የሚፈርምበት ቦታ የታለ?»

«ጽፌው ነበር፤ ‹አውጪው› አሉኝ። አስረካቢው ካልፈረመ መዝገብ ከእጁ ንቅንቅ አይልም እኮ።»

«መቼ ነው ፊርማው የሚቀረው?»

ሬጅስትራሯ ደብዳቤውን መልሳ አየችው። «ዳኛው ሲሞት።»

ሰባት ተኩል ላይ ሦስቱንም በፕሬዚዳንቱ ቢሮ ሰበሰበቻቸው። መስኮቱ ባለ ፍርግርግ ነው፤ ክፍሉ ታፍኗል።

«ሬሳው የተገኘው አራት ሰዓት ላይ ነው» አለች። «ደብዳቤው የተጻፈው ሁለት ተኩል። የፊርማው ቦታ ኖሮ ባዶ ቢቀር መዝገብ ቤት ደብዳቤውን ይመልሰው ነበር። ሠላሳ ዓመት ደንብ የለመደ እጅ ደንቡን ጠብቆ ቦታውን አስወጣ። ደንቡ ግን ይህን የሚፈቅደው ለሟች ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት መሞታቸውን የሚያውቅ ደግሞ ገዳዩ ብቻ ነበር።»

ፕሬዚዳንቱ ፈገግ አሉ። «የመያዣ ትዕዛዙን ማን ይፈርምልሻል? ይሄ ልጅ? ነገ የት እንደምወረውረው የማውቀው እኔ ነኝ።»

ወጣቱ ዳኛ አንገቱን በመሐረብ ጠረገ። «ሚስቴ እርጉዝ ናት» አለ፤ ለማን እንዳለው አልታወቀም።

ከዚያ ብዕሩን አወጣ።

«የዚህ ሳምንት ተረኛ ዳኛ እኔ ነኝ። የፖሊስ ማመልከቻ በእርስዎ በኩል አያልፍም።»

«አስብበት፣ ልጄ!»

«አስቤበት ነው የምፈራው» አለና መርማሪዋ ያቀረበችለትን የመያዣ ትዕዛዝ ፈረመ። ወደ ሬጅስትራሯ ዞረ። «ምክትል ፕሬዚዳንቱን ጥሪያቸው፤ ሃያ ሰው ዛሬውኑ ዳኛ ይፈልጋል።»